ላሚኔት ስታነጥፉ ከግድግዳው ጋር አታጣብቁት

ባለፈው ነሐሴ ጎንደር ማራኪ አካባቢ አንድ ቤት ተጠራሁ። የሳሎኑ ላሚኔት መሐሉ ላይ አብጦ ተነሥቷል፤ ሲረግጡት ይንቋቋል። ባለቤቶቹ ዕቃው ነው ብለው ነበር። ዞኮሎውን፣ የግድግዳውን ሥር ዙሪያ የሚሸፍነውን ጠርዝ፣ ነቅዬ ሳይ ግን ጠርዙ ግድግዳውን ጥርቅም አድርጎ ይዟል። የምላስ ያህል እንኳ ክፍተት የለውም።

ላሚኔት ልቡ የተፈጨና የተጨመቀ እንጨት ነው። ክረምት ሲገባ የአየሩን እርጥበት ይጠጣል፣ ይሰፋል፤ መሄጃ ካጣ ወደ ላይ ይነሣል። ስለዚህ ዙሪያውን፣ በሩ ሥርና ዓምዱ ጋ ጭምር፣ ከ8 እስከ 10 ሚሊሜትር ተዉለት። እኔ ከቁርጥራጩ ሽብልቅ እያወጣሁ በየግድግዳው እሸጉጣለሁ፤ ሥራው ሲያልቅ እነቅለዋለሁ። ክፍተቱን ዞኮሎው ይሸፍነዋል። የዞኮሎው ምስማር ግን ግድግዳውን ብቻ ይምታ፤ ወለሉን ከነካ ልፋታችሁ ሁሉ ከንቱ ነው።

ካርቶኑን ገዝታችሁ እንደገባችሁ አትክፈቱት። በሚነጠፍበት ክፍል አጋድማችሁ 48 ሰዓት አቆዩት።

ሊሾው በደንብ ይድረቅ። ሐምሌ ላይ የፈሰሰ ሊሾ ጎንደር ውስጥ ቶሎ አይደርቅም፣ ፊቱ ቢነጣም አትመኑት። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ላስቲክ ዘርግታችሁ ጠርዙን በፕላስተር አሽጉና ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ተዉት። ሲገለጥ ላስቲኩ በውስጡ ላብ ከያዘ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ ገና ነው። ከዚያ 2 ሜትር ቀጥ ያለ ዘንግ አጋድሙ፤ ከሥሩ ከ3 ሚሊሜትር በላይ ክፍተት ካያችሁ ስርጉዱን ሙሉት። እርጥበት የሚከለክለውን ላስቲክ ወለሉ ላይ ሁሉ 20 ሳንቲሜትር እያደራረባችሁ ዘርጉ፣ በላዩ ከላሚኔቱ ሥር የሚነጠፈውን ስፖንጅ።

አነጣጠፉ ራሱ ቀላል ነው። ክፍሉን አስቀድማችሁ ለኩ፤ የመጨረሻው ረድፍ ከ5 ሳንቲሜትር የሚጠብ ከሆነ የመጀመሪያውን ቀንሱለት። የሁለት ጎን ለጎን ረድፎች የጫፍ መጋጠሚያዎች ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ይራራቁ። ወንዱን ጠርዝ፣ ምላስ ያለውን፣ በመዶሻ በቀጥታ አትምቱት፤ ቁራጭ እንጨት ከልሉበት፣ ካልሆነ ይሰነጠቅና ዳግመኛ አይገጥምም።

የማራኪውን ቤት ዙሪያውን በመጋዝ ከፈትኩለት፤ ወለሉ ቀስ በቀስ ተኛ። ልሄድ ስል የቤቱ እናት ቡና ሊያፈሉ እርጥብ ቄጤማ ይዘው ብቅ አሉ። «እማማ፣ ቄጤማውም ማንደጃውም ትሪ ላይ ይሁኑ፤ ውሃው በመጋጠሚያው ይገባል» አልኳቸው። ትልቁን ትሪ አምጥተው ጎዘጎዙበት።