«ከአንጀቱ ቢሆንማ ዝም ብሎ ያደርገው ነበር»፦ መኖር ያስጠላው ሰው ፊት የምንሠራቸው ስህተቶች

አንድ የበጋ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ደቻቱ ወንዝ ዳር፣ ሃያዎቹ ውስጥ የሚገመት ልጅ መሬት ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። «በቃኝ፣ መኖር አልፈልግም» ይላል ደጋግሞ። የድሬ ፀሐይ ገና አልበረደም። ሠላሳ የምንሆን ሰዎች ከበነው ቆመናል፤ አራት አምስት ስልክ ተደግኗል። ከኋላ አንዱ «አቦ፣ በቃህ ከሆነ ምን ታለቃቅሳለህ? ጨርሰው!» አለና ሳቅ ተነሣ። ልጁ ቀና ብሎ ሳቁ ወደመጣበት አየ። ያ አስተያየቱ እስካሁን ከፊቴ አልጠፋም።

እኔ አልሳቅሁም። ግን ቆሜ ነበር፤ አንድ እርምጃ እንኳ ወደ እሱ አልሄድኩም። የሄደችው እዚያው ሻይ የምትሸጥ ሴት ናት። ሰዉን እየገፋች ገብታ አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «የኔ ልጅ፣ ይቺን ውሃ ጠጣ። እኔ አለሁ፣ የትም አልሄድም» አለችው። ሌላ ነገር አልተናገረችም። አንድ ሰዓት ያህል አብራው ተቀመጠች፤ ወንድሙ ደርሶ ሲወስደው እግሩ እየተንቀጠቀጠ ተነሣ።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሞልቶ ከተማችንን ሲያጥለቀልቅ፣ የማያውቀውን ሰው ከጎርፍ ለማውጣት በሌሊት ውሃ ውስጥ የገባ ሕዝብ ነው ይህ። ጎርፉ የሰው ልብ ውስጥ ሲሆን ለምን ቆመን እናያለን? ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ስጠይቅ፣ ሳነብና ሰፈር ውስጥ ሳስተውል ቆየሁ። የማያቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

ከብቦ መቆም

ብዙ ሰው መኖሩ ልጁን የሚጠብቀው ይመስለናል። ተቃራኒው ነው። ዳርሊና ላታኔ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ሙከራ፣ አንድ ሰው በድንገት ሲታመም የሚሰማው እሱ ብቻ እንደሆነ ካመኑት ተሳታፊዎች 85 በመቶው እርዳታ ለመጥራት ተነሥተዋል። ሌሎች አራት ሰዎችም እንደሚሰሙ ያመኑት ግን የተነሡት 31 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁሉም «ሌላው ያደርገዋል» ይላል። እኔም ያልኩት እሱኑ ነው።

ስለዚህ እዚያ ከደረሳችሁ «እባካችሁ አንድ ነገር አድርጉ» ብላችሁ ወደ አየር አትጩኹ። ሰው ለይታችሁ ጥሩ፦ «አንተ፣ ባለ ባጃጁ፣ ቅረብ። አንቺ እህቴ፣ ሰዉን ወደዚያ አድርጊልን።» ስሙ ሳይሆን ልብሱ ወይም ሥራው ቢጠራም፣ የተጠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይመጣል። ስልክ የደገነውንም በጨዋ ቃል አስቁሙት። ያ ልጅ ነገ በቀፊራ ገበያ ሲያልፍ፣ በሕይወቱ የከፋችው ሰዓት በማያውቃቸው ሰዎች ኪስ ውስጥ መኖር የለባትም።

ማፌዝና መገፋፋት

«ጨርሰው» ያለው ሰው ክፉ ነው ብዬ ልለፈው አልችልም። ጠዋት ላይ እናቱን ጉልበት ስሞ የወጣ ሊሆን ይችላል። ሊዮን ማን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1981 እንዲህ ሕዝብ የተሰበሰበባቸውን 21 አጋጣሚዎች መርምሮ፣ በ10ሩ ተመልካቹ በጭንቅ ላይ ያለውን ሰው ሲያላግጥበትና ሲገፋፋው እንደነበር ጽፏል። ሕዝቡ ሲበዛ፣ ሲመሽና ከሰውየው ርቆ ሲቆም ነው ጭካኔው የሚብሰው። ማንነት በማይታወቅበት፣ ፊትም በማይተያዩበት ቦታ ማለት ነው። የሻይዋ ሴት ርቀቱን አጠፋችው፤ ከተቀመጠች በኋላ አንድም ሰው አላፌዘም።

ሕጉንም ማወቅ ደግ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 542 ሌላው ራሱን እንዲያጠፋ ማነሳሳትንና መርዳትን ወንጀል አድርጎታል። «ቀልዴን ነው» ብሎ የሚጮኽ ሰው ምን ላይ እንደቆመ ይወቅ።

«የሚጮኽ ውሻ አይናከስም»

በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» እንላለን፤ «ከልቡ ቢሆን ለሰው አይናገርም ነበር» እንላለን። እውነቱ ሌላ ነው። ራሳቸውን ካጠፉት ብዙዎቹ ቀደም ብለው በአፍ ወይም በሁኔታ አሳውቀው ነበር። «ያለ እኔ ይሻላችኋል» ማለት፣ ዕዳን በድንገት መክፈል፣ የሚወዱትን ዕቃ ማከፋፈል፣ ሳይጠበቅ ዞሮ መሰናበት፤ እነዚህ ሁሉ ንግግር ናቸው።

እኛ ጋ ደግሞ የራሳችን ማጣጣያ አለን፦ «ዱካክ ነው፣ ሲነጋ ይለቀዋል።» ከበርጫ በኋላ የሚመጣ ድብርት እንዳለ የማያውቅ ድሬ ውስጥ የለም። ግን ጫት የሚቅም ሰውም ከልቡ መሞት ሊያምረው ይችላል፤ ከምርቃና መልስ ያለው እንቅልፍ ያጣ ሌሊት ደግሞ ሐሳቡን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም። ዱካክ ብላችሁ የምታልፉት ሌሊት ያ ሌሊት ሊሆን ይችላል።

«አንዴ የወሰነን ሰው ማን ይመልሰዋል?» የሚለውም ያው ነው። ሪቻርድ ሳይደን የተባለ ተመራማሪ በሳን ፍራንሲስኮ በመጨረሻዋ ደቂቃ ሰው ደርሶላቸው የተመለሱ 515 ሰዎችን ዱካ ተከትሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ያገኘውን አሳተመ። ከብዙ ዓመታት በኋላም 94 በመቶ ያህሉ ወይ በሕይወት ነበሩ፣ ወይ በተፈጥሮ ሞት ነው ያለፉት። ያ ጭንቅ እንደ ማዕበል ይመጣል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል። እስኪወርድ አብሮ የሚቀመጥ ሰው ነው የሚያስፈልገው።

ስብከትና ንጽጽር

«ስንቱ የሚበላው አጥቶ እየኖረ አንተ ምን ጎድሎህ?» አትበሉ። የሚሰማው ሰው ቀድሞም በራሱ ያፍራል፤ ሌላ ኀፍረት ትጨምሩበታላችሁ። «ኃጢአት ነው» የሚለውም በዚያች ሰዓት ተግሣጽ እንጂ እጅ አይሆንም። ጸሎቱ፣ ጸበሉ፣ ዱዓው ይቀጥል፤ ብቻ ሐኪም ቤት የሚኬድበትን ቀን አይውሰድ።

የነገሩን ስም ለመጥራት መፍራት

«ከጠየቅኩት ሐሳቡን አስገባበታለሁ» የሚል ፍርሃት አለ። ይህ እንደማይሆን ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል፤ የተጠየቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይቀለዋል። በቀጥታ ጠይቁ፦ «ራስህን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶብሃል?» «እንዲህ ዓይነት ነገርማ አታስብም አይደል?» ብላችሁ ግን አትጠይቁ። ያ «አላስብም» በለኝና ልገላገል ማለት ነው።

ከተማችን የብዙ ቋንቋ ከተማ ስለሆነች አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ሲጨንቀው እናቱ ባስተማረችው ቋንቋ ነው የሚያለቅሰው። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ ወይም ሐረሪ የሚናገር ሰው አጠገባችሁ ካለ ጥሩት። በአማርኛ ጥያቄ ዝም ያለ ሰው በራሱ ቋንቋ ሲጠሩት ሊመልስ ይችላል።

ብቻውን መተው፣ ምሥጢር ልጠብቅ ብሎ መማል

«ለማንም እንዳትናገር» ካላችሁ አትማሉ። «የምነግረው አንተን ለሚረዳ ሰው ብቻ ነው» በሉት። ለመጸዳዳት እንኳ ሲነሣ ከቅርብ ሁኑ፤ ቤት ውስጥ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ነገር ካለ ቤተሰቡ ከአካባቢው ያርቀው። ከዚያ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይዛችሁት ሂዱ፦ ድሬ ከሆናችሁ ድል ጮራ ወይም ሳቢያን፣ ሐረር ከሆናችሁ ሕይወት ፋና ወይም ጁገል። በር ላይ አድርሳችሁ አትመለሱ። ሐኪሙ እስኪያየው ጠብቁ፤ ለሐኪሙም የሰማችሁትን ቃል እንዳለ ንገሩት።

ከተመለሰ በኋላ መራቅ

እዚህ ላይ ነው ሁላችንም የምንወድቀው። ሰው ወባ ቢይዘው ሰፈሩ ብርቱካን ይዞ ይጠይቃል። እግሩ ቢሰበር እድሩ ይመጣል። ራሱን ሊያጠፋ ሞክሮ የተረፈ ሰው ቤት ግን ማን ይገባል? እናቱ «ምግብ መርዞት ነው» ትላለች፤ ጎረቤት ያወቀውን እንዳላወቀ ሆኖ በሩን ያልፋል፤ ልጆች ቅጽል ስም ያወጡለታል። ቀደም ያለ ሙከራ ደግሞ ለሚቀጥለው ትልቁ የአደጋ ምልክት ነው፤ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም በጣም አስጊዎቹ ናቸው። እኛ የምንርቀው ልክ በነዚያ ሳምንታት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ከ700,000 በላይ ሰው በዓለም ላይ ራሱን እንደሚያጠፋ ይናገራል። ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ወጣቶች መካከል ከዋነኞቹ የሞት ምክንያቶች አንዱ ነው። እኛ ሰፈር ያለው ልጅ ከነዚህ እንዳይቆጠር የሚያደርገው ሥራ ተራ ነገር ነው፦ ቀጠሮውን ማስታወስ፣ መድኃኒት ካለው እንደታዘዘለት መውሰዱን ማየት፣ ማታ ማታ ደውሎ «ዛሬ እንዴት ዋልክ?» ማለት።

ስለ ሆነው ነገር ምን እንደሚባል የማያውቅ ሰው ምንም ማለት የለበትም። የሻይዋን ሴት ከወራት በኋላ አግኝቼ ልጁ እንዴት ሆነ ብዬ ጠየቅኋት። ቤቱን አፈላልጋ አግኝታለች። ስትሄድ ሻይ በፔርሙስ ይዛ፣ «በዚህ ሳልፍ ሻይ ተረፈኝ፣ ብቻዬን አልጠጣም አልኩ» ብላ ነው የምትገባው። እሱም ብርጭቆ ያመጣል።