ሜትል3 ጠፍቶ ኤም6ኤ ለምን አልወረደም? የአርኤንኤ ሜቲሌሽን ልኬት ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ በኤምአርኤንኤ (የጂንን መልእክት ወደ ፕሮቲን መሥሪያው የሚያደርሰው አርኤንኤ) ላይ ያለውን ኤም6ኤ በኤልሲ ማስ ስፔክትሮሜትር፣ ማለትም ሞለኪዩልን በኮለም ለይቶ በክብደት በሚለካ ማሽን፣ ለምትለኩ ነው። ኤም6ኤ ሜቲል የተጨመረበት አዴኖሲን (የአርኤንኤው «ኤ» ፊደል) ነው፤ ኤምአርኤንኤ ላይ በዋናነት የሚያስቀምጠው ሜትል3 የተባለው ኢንዛይም ነው። ስታንዳርድ ከርቭ፣ ብላንክ፣ ከአርኤንኤዝ መጠንቀቅ፣ እነዚህን ታውቃላችሁ። በቀጥታ ወደ ችግሩ ልግባ።

ምልክት፦ ሜትል3 የለም፣ ኤም6ኤ ግን በደንብ አልወረደም

ደጋግሞ የሚመጣብኝ ይህ ነው። ዌስተርን ብሎቱ (ፕሮቲን በአንቲቦዲ የሚታይበት ምርመራ) ንጹህ ነው፤ ፕሮቲኑ ጠፍቷል። ማሽኑ ግን ኤም6ኤ አለ ይላል። ተማሪው መጀመሪያ ማሽኑን ይጠረጥራል። ስታንዳርዱን ይቀይራል፣ ኮለሙን ያጥባል፣ ሳምንታት ያልፋሉ። ማሽኑ ግን ጥፋት የለበትም። የገባለትን ነው የለካው።

ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ከኤምአርኤንኤው ጋር ተቀላቅሎ የቀረ ራይቦዞማል አርኤንኤ (የፕሮቲን ፋብሪካው፣ የራይቦዞም፣ አካል) ነው። ከጠቅላላው አርኤንኤ ከ80 በመቶ በላይ እሱ ነው። ኤምአርኤንኤ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። በሰው ሴል 18ኤስ በተባለው ራይቦዞማል አርኤንኤ ላይ በ1832ኛው ቦታ አንድ ኤም6ኤ አለ፤ የሚያስቀምጠው ሜትል5 ነው። 28ኤስ ላይ ደግሞ በ4220ኛው ቦታ ሌላ አንድ አለ፤ እሱን የሚያስቀምጠው ዚሲሲኤችሲ4 ነው። ሜትል3ን አጠፋችሁት አላጠፋችሁት፣ ሁለቱ ንቅንቅ አይሉም።

በቁጥር እንየው። የኤምአርኤንኤው ኤም6ኤ ከአዴኖሲኑ 0.3 በመቶ ነው እንበል። የራይቦዞማሉ 0.16 በመቶ ገደማ ይሆናል። ሳምፕሉ ግማሽ በግማሽ ከተቀላቀለ ማሽኑ 0.23 ያሳያል። ሜትል3 ሲጠፋ ኤምአርኤንኤው ወደ 0.03 ወረደ እንበል። ማሽኑ አሁንም ወደ 0.095 ያሳያል። 90 በመቶ መውረድ የነበረበት ነገር 60 በመቶ ያህል ብቻ የወረደ መሰለ። ከዚያ «ሌላ ኢንዛይም አግኝተናል» የሚል ወሬ ይጀመራል። እባካችሁ እዚያ አትድረሱ።

እንዴት ይታወቃል? ባዮአናላይዘር (አርኤንኤን በርዝመት ለይቶ የሚያሳይ መሣሪያ) አይበቃም። ትንሽ ቅሪት ከኤምአርኤንኤው ጉብታ ስር ይደበቃል። እኔ የማምነው ኤም6,6ኤን ነው፤ ሁለት ሜቲል ያለበት አዴኖሲን። 18ኤስ ላይ ጎን ለጎን ሁለት አሉ። ኤምአርኤንኤ ላይ ግን አይጠበቅም። ስለዚህ ከ296 ወደ 164 የሚሄደውን ትራንዚሽን (ማሽኑ የሚከታተለው የሙሉ ሞለኪዩሉና የስባሪው ክብደት) ወደ ዘዴያችሁ ጨምሩ። ፒኩ ካለ ራይቦዞማል አርኤንኤ አለ፤ ክርክር አያስፈልገውም። ከ296 ወደ 150 ከሚሄደው ጋር ግን አታምታቱት፤ ያ ኤም6ኤኤም (ስኳሩም ላይ ሜቲል ያለበት ኤም6ኤ) ነው፤ የኤምአርኤንኤው የራሱ ነው።

አንዲት ተማሪ ሜትል3 የጠፋበትን ሳምፕል ይዛ መጣች። ተስፋ ቆርጣ ነበር። ያንኑ ሳምፕል በ164 ስናየው ፒኩ ከኤም6ኤው አይተናነስም። ኤምአርኤንኤውን ያጠራችበት ኪት «አንድ ዙር ይበቃል» ይል ነበር። አይበቃም! እንዲህ ብለው የሚጽፉ ኪት ሻጮች ያናድዱኛል። ለሲኩዌንሲንግ ያልፍ ይሆናል። ለማስ ስፔክ ግን ያልተበጠረ ጤፍ አስፈጭቶ እንጀራው ለምን አሸዋ ኖረው እንደማለት ነው።

መፍትሄው ሁለት ዙር ኦሊጎ ዲቲ (የኤምአርኤንኤን የፖሊ ኤ ጭራ የሚይዝ አጭር ዲኤንኤ) ነው። አርኤንኤውን 65 ዲግሪ ላይ 2 ደቂቃ አሙቁ፤ ወዲያው በረዶ ላይ አስቀምጡ። ኦሊጎ ዲቲውን ከተሸከሙት ቢዶች (ጥቃቅን እንክብሎች) ጋር አገናኙ፣ እጠቡ። በ10 ሚሊሞላር ትሪስ 80 ዲግሪ ላይ 2 ደቂቃ አውጡት። የወጣውን እንደ አዲስ ሳምፕል ቁጠሩት፤ አዲስ ባይንዲንግ ባፈር፣ እንደገና ሙቀት፣ እንደገና በረዶ። ራይቦዞማሉ ኤምአርኤንኤው ላይ ተጣብቆ ስለሚመጣ ሙቀቱን የዘለለ ሰው ሁለት ዙር ቢሠራም ትርፉ ድካም ነው። ከዚያ በኋላም ኤም6,6ኤ ከታየ የራይቦዞማል ማስወገጃ ጨምሩበት።

ቢዱን አታብዙበት፣ አርኤንኤውንም ከአቅሙ በላይ አትጫኑበት። ለቁጠባ ብለው ቢድ ደጋግመው የሚጠቀሙ ላቦች አይቻለሁ። የትናንቱ ጤነኛ ሳምፕል ዛሬ ሜትል3 የጠፋበት ውስጥ ይገባል። ልፋቱ ሁሉ ለቢድ ዋጋ ይሰዋል።

ሁሉም ንጹህ ሆኖ ኤም6ኤ አልወርድ ካለ፣ ሴሉ በሌላ ስፕላይሲንግ አጠር ያለ ግን የሚሠራ ሜትል3 እየሠራ ሊሆን ይችላል። ዌስተርኑን በሌላ አንቲቦዲ ድገሙ።

ምልክት፦ ኤም6ኤ ከመጠን በላይ ከፍ አለ፣ ከቀን ቀንም ይለያያል

መጀመሪያ ኤም1ኤን (ሜቲሉ ሌላ ቦታ ላይ ያለ አዴኖሲን) እዩ። ኤም1ኤ በብዛት ያለው ቲአርኤንኤ (አሚኖ አሲድ አመላላሹ አርኤንኤ) ላይ ነው፤ 58ኛው ቦታ። በአልካላይን ባፈር ውስጥ ሲሞቅ ሜቲሉ ቦታ ይቀይርና ኤም6ኤ ይሆናል። ሁለቱም ከ282 ወደ 150 ስለሚሄዱ በክብደት አይለዩም፤ የሚለያቸው ኮለሙ ብቻ ነው። ፒኮቹ ከተደራረቡ ግራዲየንቱን አስተካክሉ። አርኤንኤን በአልካላይን ባፈር አታሙቁ፣ በኢንዛይም ወደ ነጠላ ኑክሊዮሳይድ የተፈጨውንም ሳምፕል በፎስፋታዝ ባፈሩ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ 37 ዲግሪ ላይ አትተዉት።

ሁለተኛው ምክንያት አዴኖሲኑ ነው። ከኤም6ኤ በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። ዲቴክተሩ ከጠገበ አዴኖሲኑ ያነሰ ይመስላል፤ ሬሾው ይንራል። ለአዴኖሲን ሳምፕሉን አቅጥናችሁ ለብቻው ሩጡት።

ሦስተኛ፣ ኢኖሲን ካያችሁ ኢንዛይማችሁ ውስጥ ዲአሚኔዝ አለ፤ አዴኖሲኑን እየበላው ነው። ዲአሚኔዙን የሚያቆመውን ፔንቶስታቲን ጨምሩ። አርኤንኤ የሌለበት ብላንክ ውስጥ ኤም6ኤ ከታየ ደግሞ ኢንዛይሙ የባክቴሪያ አርኤንኤ ይዞ መጥቷል። ያንን ሎት መልሱት።

ምልክት፦ ሁሉም ፒክ ትንሽ ነው

አርኤንኤውን የሚፈጨው ኢንዛይም፣ ኒውክሌዝ ፒ1፣ ዚንክ ይፈልጋል። ባፈሩ ውስጥ ኢዲቲኤ ካለ ዚንኩን ይወስድበታል፤ አርኤንኤው ሳይፈጭ ይቀራል። በውሃ ወይም ኢዲቲኤ በሌለው ትሪስ አውጡ።

ምልክት፦ ዶት ብሎቱ ከማስ ስፔኩ ጋር አይስማማም

ማስ ስፔኩን እመኑ። ዶት ብሎት አርኤንኤውን ነጠብጣብ አድርጎ በአንቲቦዲ የሚያይ ነው፤ ብዙዎቹ አንቲቦዲዎች ኤም6ኤኤምንም ይይዛሉ። በሜቲሊን ብሉ ጭነቱን ያላረጋገጠ ዶት ብሎት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አታሳዩኝ።