ወረቀት የሚላጭ ቢላ ካሮት ላይ ሲቀረቀር

ቢላው ወረቀት ይላጫል። የቲማቲም ቆዳም ሳይጫኑት ይገባለታል። ካሮት ላይ ግን ግማሽ ድረስ ይገባና ቅርቅር ይላል፤ ከዚያ ካሮቱ ቋ ብሎ ይሰነጠቃል።

በቁጥር 1000፣ ቀጥሎም በ3000 የመሳያ ድንጋይ (ቁጥሩ ሲጨምር ድንጋዩ ይለሰልሳል) ደጋግሜ ሳልኩት። ወፍ የለም! የስለቱን አንግል ከ20 ወደ 15 ዲግሪ ማውረዱም ያሻሻለው ትንሽ ነው።

ችግሩ ያለው ስለቱ ላይ ሳይሆን ከሱ ከፍ ብሎ ባለው የጎኑ ውፍረት ላይ ነው። ቢላ በተሳለ ቁጥር ስለቱ ወደ ወፍራሙ ጀርባ ይጠጋል። ጎኑ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ቢላ ላይ ይሄ ይብሳል፤ አዲስ ሳለ ምላጭ ነው፣ ቶሎ ግን ይወፍራል። ከጀርባው ጀምሮ ቀጥ ብሎ እየሳሳ የሚወርደው ይሻላል።

መፍትሔው ጎኑን ማሳሳት ሆነ። ድንጋዩ የት እንደሚነካ ለማየት ጎኑን በማርከር ቀባሁት። ሻካራው ቁጥር 220 ድንጋይ ላይ ጀርባውን ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ አንስቼ ፈገፈግኩት። ቀለሙ የሚለቀው ስለቱ የሚጀምርበት ትከሻ ላይ መሆን አለበት። ሁለቱን ጎን እኩል፤ ስለቱ ጫፍ ሳይደርሱ ማቆም። በመጨረሻ በ1000 እንደገና ሳልኩት። አሁን ካሮቱን ዝም ብሎ ያልፈዋል። ጎኑ መቧጨሩ አይቀርም፣ መልክ ለሚያሳስበው።

አጥንት የሚመታ ቢላ ላይ ግን ይህን አትሞክሩ፤ ይሸረፋል። ለሱ ወደ ውጭ ጎበጥ ያለ ጎን ነው የሚሆነው።