የፓራፋንጎ ጠርዝ ቤት ውስጥ ለማጠፍ ምን ዓይነት መሣሪያ ይሻላል?

መኪናዋን ዝቅ አድርጋችኋል፣ ወይም ሰፋ ያለ ቸርኬ አስገብታችኋል። ብቻችሁን ስትነዱ ሰላም ነው። ሦስት ሰው ከኋላ ሲቀመጥና ጉብታ ስታልፉ ግን ከታች "ክርርር" ይላል። ጎማው ከፓራፋንጎው፣ ማለትም ጎማውን ከላይ ከሚሸፍነው የመኪናዋ የጎን ላሜራ፣ የውስጥ ጠርዝ ጋር እየተፋተገ ነው ማለት ነው። ይህ ጠርዝ አንድ ሳንቲሜትር፣ አንዳንዴም ትንሽ በለጥ ብሎ ወደ ውስጥ የታጠፈ ላሜራ ነው፤ ጊዜ ካገኘ የጎማውን ትከሻ እንደ ቢላ ይልጠዋል። መፍትሔው ጠርዙን ወደ ላይ ማጠፍና ከራሱ ላሜራ ጋር ማስጠጋት ነው።

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ጎማው የት ጋ እንደሚነካ እዩ። ጠርዙ ላይ ቀለሙ ተፍቆ የሚያብረቀርቅ መስመር ካለ፣ ማጠፉ ይጠቅማል። የተላጠው የውስጡ ፕላስቲክ ወይም የውስጠኛው ግድግዳ ከሆነ ግን ልፋት ብቻ ነው። ያኔ ችግሩ ያለው ቸርኬው ወይም ሞላው ጋ ነው።

ቀጥሎ ማግኔት ያዙ። በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በፓራፋንጎው ቅስት ላይ አንሸራትቱት። ጭራሽ የማይዝ ከሆነ ላሜራው አሉሚኒየም ወይም ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ አይታጠፍም፣ አሉሚኒየም ደግሞ ሲታጠፍ ስለሚሰነጠቅ ለባለሙያ ተዉት። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከለቀቀ እዚያ ስቱኮ፣ ማለትም የተጎዳ ላሜራ የሚሞላበት ልጥፍ፣ አለ ማለት ነው። ስቱኮ ታጠፍ ቢሉት አይታጠፍም፣ ተሰንጥቆ ይረግፋል። የፊትና የኋላውም ለየቅል ነው። የፊቱ ብዙውን ጊዜ በቡሎን የታሰረ ነጠላ ላሜራ ስለሆነ ይታዘዛል። የኋላው ግን ሁለት ላሜራ በነጥብ ብየዳ ተጣብቆ፣ መሐሉ ውሃ እንዳይገባ ማሸጊያ የተለጠፈበት ነው። ጠንካራ ነው፣ ትዕግሥት ይጠይቃል።

አሁን ወደ መሣሪያው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ዱላ ነው። ወፍራም እንጨት ጎማውና ጠርዙ መሐል ይሰካል፣ ሌላ ሰው መኪናዋን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋል። እኔም እንዲሁ ጀመርኩ። ጠርዙ ታጥፏል፣ አልዋሽም። ግን እንጨቱ አንድ ቦታ ላይ ተንሸራተተና ላሜራውን ከውስጥ ወደ ውጭ ገፋው። ከሩቅ አይታይም፣ ጎን ለጎን ቆማችሁ በብርሃን ካያችሁት ግን ሆዱ ወጣ ያለ ነው። ቀለሙም በጠዋቱ ብርድ ፀጉር በሚያክሉ መስመሮች ተሰነጣጠቀ። ዱላ ኃይሉን የት ላይ እንደሚያሳርፍ አታዙትም፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራው መሣሪያ ፌንደር ሮለር ይባላል። ጎማው ተፈቶ በቦታው፣ ማለትም ጎማው የሚታሰርበት ሞዞ ላይ፣ በራሱ በጎማው ዳዶ ይታሰራል። ከዚያ የሚረዝምና የሚያጥር ክንድ አለው፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ማዕዘኑ የሚስተካከል ተሽከርካሪ። ክንዱን ስታወዛውዙ ተሽከርካሪው ጠርዙን እየተጫነ ይሄዳል።

ስትመርጡ መጀመሪያ የምታዩት ቀዳዳዎቹን ነው። የመኪናችሁ ቡሎን ስንት ነው፣ በምን ያህል ክብ ላይ ነው የተቀመጠው? 4 በ100 (አራት ቡሎን 100 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ) እና 5 በ114.3 በጃፓንና በኮሪያ መኪኖች ላይ በጣም የተለመዱ ናቸው፣ 5 በ112 ደግሞ በጀርመኖቹ። መሣሪያው አራቱንም አምስቱንም የሚቀበል ሞላላ ቀዳዳ ቢኖረው ጥሩ ነው። እንደ ቮልስዋገን ባሉ መኪኖች ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ከሞዞው የወጣ ቡሎን የለም፣ ቡሎኑ ራሱ ነው ከውጭ የሚገባው። የመኪናው ቡሎን ለመሣሪያው ስስ ብረት ይረዝምና ከጀርባ ወጥቶ ሌላ ነገር ይነካል። ስለዚህ አጠር ያለ ቡሎን ወይም መሙያ ቀለበት አብሮት መምጣቱን አረጋግጡ።

ሁለተኛው መገጣጠሚያው ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ርካሹና ደህናው የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። ክንዱን ዘርግታችሁ ጫፉን በእጃችሁ ወደ ጎን ነቅንቁት። የሚላላ ከሆነ ጭነት ሲያርፍበት ተሽከርካሪው ይጣመማል፣ ጠርዙም እንደ ባሕር ሞገድ ይሆናል። ተሽከርካሪውን በእጅ አሽከርክሩት፣ ኩሽኔታው ሳይንቋቋ መዞር አለበት። የተሽከርካሪው ቁስ ፖሊዩሬቴን ወይም ናይለን ይሁን። የብረት ተሽከርካሪ ላሜራው ላይ ምልክት ጥሎ ያልፋል። ክንዱም ረጅም መሆን አለበት፣ ምክንያቱም መኪናዋ በክሪክ ስትነሳ ሞዞው ወደ ታች ስለሚንጠለጠል ርቀቱ ይጨምራል። ካልደረሰላችሁ በሌላ ክሪክ ሞዞውን የሚይዘውን የመኪናዋን የታችኛውን ክንድ ትንሽ ቀና ማድረግ ይረዳል።

ሮለሩን ገዝቶ ሂት ጋኑን፣ ማለትም ትኩስ አየር የሚነፋውን መሣሪያ፣ የሚቆጥብ ሰው ግን ገንዘቡን ገደል ከተተ። ቀለም ሲቀዘቅዝ እንደ ደረቅ ቅጠል ነው፣ ሲሞቅ ግን ከላሜራው ጋር አብሮ ይሄዳል። ላሜራው ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢደርስ ይበቃል። እጃችሁን አሳርፋችሁ ለመቆየት የሚከብዳችሁ ያህል ነው። ፀጉር ማድረቂያ ብዙ ጊዜ አይችለውም፣ አንዱን ጫፍ ስታሞቁ ሌላው ይቀዘቅዛል። ሂት ጋን ደግሞ በተቃራኒው አደገኛ ነው፣ በከፍተኛው ላይ የሚተፋው አየር 500 ዲግሪ ስለሚያልፍ አንድ ቦታ ላይ ካቆማችሁት ቀለሙን ያስነሳዋል። ስለዚህ ዝቅ ማድረጊያ ያለውን ግዙ፣ አንድ ስንዝር ያህል አርቁት፣ እጃችሁም አይቁም። ሙቀቱን ከርቀት በሚለካ ቴርሞሜትር አረጋግጡ። ቤት ያለው ግንባር ላይ የሚደገነው አይሆንም፣ እሱ ትኩሳት ብቻ ነው የሚያነበው።

መኪናዋን በክሪክ ብቻ አትተዉ፣ መደገፊያ ቋሚ ያስፈልጋል። ይህ ለወጉ የሚባል ምክር አይደለም። ክንዱን ስታወዛውዙ ሞዞው አብሮ ይዞራል፣ ለኋላ ጎማ የእጅ ፍሬኑ መፈታት፣ ሞተሩ ለሚነዳው ጎማ ደግሞ ማርሹ ዜሮ ላይ መሆን አለበት። መኪናዋ ያለ ፍሬን ቆማ እናንተ ከጎኗ ትገፋላችሁ ማለት ነው። መሬት ላይ የቀሩትን ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ወይም በእንጨት አጥብቃችሁ ደግፉ።

ሥራው ሲጀመር ካቻቢቴ ይዛችሁ ጠርዙ ላይ ያሉትን ብሎኖችና የፕላስቲክ መያዣዎች አውጡ። ፕላስቲኩ ባምፐር ከፓራፋንጎው ጋር የሚገናኝበት ጫፍ ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ተደብቆ ይቀራል፣ እሱን የረሳ ሰው ባምፐሩን ይሰብራል። ጠርዙ ላይ የተጋገረውን ጭቃም ጥረጉ፣ አሸዋው በተሽከርካሪው ሥር ገብቶ ቀለሙን ይፈጨዋል። ከዚያ አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ አሙቁና በትንሽ ጫና ሂዱበት። ማዕዘኑን በትንሹ ጨምሩ፣ እንደገና አሙቁ፣ እንደገና። አንድ ቅስት አራት አምስት ዙር ሊፈልግ ይችላል፣ የኋላው ደግሞ ከዚያም በላይ። የሞዞውና የቅስቱ ማዕከል አንድ ስላልሆነ የክንዱን ርዝመት በየቦታው ማስተካከል አለባችሁ። ሮለሩ የማይደርስባቸውን ጫፎች በላስቲክ መዶሻና በእንጨት ቁራጭ ጨርሱ። ጠርዙን ደግሞ ድርግም አድርጋችሁ አትዝጉት፣ መሐሉ ውሃ ይቋጥራል። ጎማው እስካልነካ ድረስ ትንሽ ክፍተት መተው ይሻላል።

ሲቀዘቅዝ የታጠፈውን በባትሪ ብርሃን እዩ። የተሰነጠቀ ቦታ ካለ በብርጭቆ ወረቀት አሽታችሁ ፀረ ዝገት ቀቡት፣ የኋላው ላሜራ መጋጠሚያም ማሸጊያው ከተቀደደ እንደገና ይታሸግ። ጎማውን መልሳችሁ ዳዶውን አጥብቁ፣ ሰዎቹን ከኋላ አስቀምጡና ያንኑ ጉብታ ዝግ ብላችሁ እለፉበት።