የገዛችሁት ያገለገለ መኪና ጉዱ ሲወጣ፦ ከጥገና በፊት የሚደረጉ ነገሮች

አዲስ አበባ ላይ ደህና የነበረ መኪና ጣርማ በር ዳገት ላይ ጉዱ ይወጣል። የእኔም እንዲሁ ነው የሆነው። ከአንድ መኪና መሸጫ ገዝቼ 130 ኪሎ ሜትሩን ደብረ ብርሃን ድረስ ያለ ችግር ነዳሁት። በሳምንቱ ከሸዋ ሮቢት ስመለስ፣ ደብረ ሲናን አልፌ ዳገቱን ስይዘው የሙቀት መለኪያው ቀዩን ነካ። ደንግጬ ጋራዥ አስገባሁና ቴስታውን (የሞተሩን የላይኛውን ክፍል) አስወረድኩ። ሻጩ ጋ ስሄድ "ፈታታችሁ ያበላሻችሁት እናንተ ናችሁ" አለኝ። መልስ አጣሁ። እናንተ እንዳትሸወዱ ቅደም ተከተሉን ልንገራችሁ።

1. መኪናውን አቁሙ። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ የራዲያተሩን ክዳን አትንኩ፤ የሚፈናጠረው ውሃ ክፉኛ ያቃጥላል። ዳሽቦርዱን ኪሎ ሜትሩ እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ። የሚያንኳኳ ድምፅ ካለ በቪዲዮ ያዙት።

2. ምልክቱን ለዩ። ደብረ ብርሃን ጠዋት ብርዱ ከባድ ስለሆነ ሞተር ሲነሣ ነጭ ጭስ ብታዩ አትደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ እንፋሎት ነው። ሞተሩ ሞቆም ጭሱ ካልተወ፣ የራዲያተሩ ውሃም የሚፈስበት ሳይታይ የሚጎድል ከሆነ ግን የቴስታ ጓርኒሲዮኑን (ከቴስታው ሥር ያለውን ማሸጊያ) ጠርጥሩ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዛችሁ እዩ። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ብቻ ያለች ትንሽ ነጭ አረፋ ግን በብርድ አገር አጭር አጭር መንገድ በሚሄድ ጤነኛ መኪና ላይም ትታያለች።

ሞተሩን ሳታስነሡ ቁልፉን አዙሩ። የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶ፣ ሞተሩ ሲነሣ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አንድ ሰው ሆን ብሎ አጥፍቶት ሊሆን ይችላል። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩንም ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ።

3. ሻጩን የማያውቅ መካኒክ ፈልጉ። እንዳይፈታው ንገሩት። ያየውን ችግር፣ ከመሸጡ በፊት የነበረ መሆን አለመሆኑን፣ የጥገናውን ግምት ጽፎ ይፈርም፤ ቀንና ማኅተም ይኑረው።

4. ለሻጩ በጽሑፍ አሳውቁ። እኔን የጎዳኝ ይሄን መዝለሌ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያደርጋል፤ ገዢው ደግሞ ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ስልክ ላይ መጮህ ማስረጃ አይሆንም። በሁለት ቅጂ ጻፉና አንዱን አስፈርማችሁ ያዙ። አልፈርምም ካለ ምስክሮች ባሉበት ስጡት። ከማሳወቂያው በኋላም ዝም ብላችሁ አትቀመጡ፤ አንድ ዓመት ካለፈ መብታችሁ ሊቀር ይችላል።

ውሉ ላይ "አይቼ መርምሬ ተረክቤያለሁ" የሚል ቃል አለ ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀው፣ ከዋስትና ነፃ ያወጣኛል የሚለው የውል ቃል አያድነውም።

5. ተደራደሩ። ደላላው "ግማሽ ግማሽ ቻሉት" ማለቱ አይቀርም። ሽማግሌ መያዝ ጥሩ ነው፤ የጥገና ወጪም ይሁን የዋጋ ቅናሽ ወይም ገንዘብ መመለስ፣ የተስማማችሁበት ግን ይጻፍ። ካልሆነ ማስረጃዎቹን ይዛችሁ የሕግ ባለሙያ አማክሩና ወደ ፍርድ ቤት ሂዱ።

ጥገናው ከዚህ ሁሉ በኋላ ይደርሳል። የሚወጣውን አሮጌ ዕቃ ጋራዡ እንዳይጥለው፤ ጆንያ ውስጥ አድርጋችሁ ቤት አስቀምጡት።