ለፎርዊል መኪና የስታብላይዘር ማላቀቂያ እንዴት ይመረጣል?

ከድሬዳዋ ተነስቶ በደንገጎ ወደ ሐረር ለሚወጣ መኪና ስታብላይዘር ባለውለታ ነው። ኩርባው ላይ የጫት አይሱዙ ድንገት ከፊት ብቅ ሲልና መሪ በፍጥነት ሲጠመዘዝ፣ መኪናው ወደ አንድ ጎኑ እንዳይተኛ የሚይዘው እሱ ነው። ከአስፋልት ወርዶ ወደ ቁንዱዶ ተራራ ወይም ከባቢሌ ማዶ ወዳለው የቋጥኝ አገር ሲገባ ግን ይኸው ብረት እንቅፋት ይሆናል። አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሌላውን አብሮ ወደ ላይ ይጎትተዋል፤ ጎማው መሬት ይለቅና በባዶ ይሽከረከራል፣ መኪናውም ባለበት ይቆማል።

ማላቀቂያ ስታብላይዘሩን ለጊዜው ከሥራ የሚያስወጣ ዕቃ ነው። ሻጮች ሁሉ የሚያወሩት ምን ያህል ቶሎ እንደሚላቀቅ ነው። እኛ የምንመክረው ተቃራኒውን ነው፦ መልሶ ለመግጠም ስንት ደቂቃና ምን ያህል ልፋት እንደሚጠይቅ አይታችሁ ምረጡ። በዚህ አካባቢ የድንጋይ መንገድ ሁሉ መጨረሻው አስፋልት ነው። ቀኑን ሙሉ አቧራ ሲጠጣ ውሎ፣ ጀምበር እየጠለቀች መኪና ሥር ተኝቶ ብሎን የሚያስገባ ሰው ጥቂት ነው። ብዙው «ቀስ ብዬ እወርዳለሁ» ብሎ ስታብላይዘሩን እንደተፈታ ይዞ ደንገጎን ይወርዳል።

መጀመሪያ አሠራሩን እንይ

ስታብላይዘር ግራና ቀኙን የሚያገናኝ፣ ጫፎቹ የታጠፉ የሞላ ብረት ዘንግ ነው። ወገቡ በጎሚኒ ተይዞ ሻንሲ ላይ ወይም አክስል ላይ ይታሰራል፤ ጫፎቹ ደግሞ ሊንክ በሚባሉ ሁለት አጫጭር ዘንጎች፣ ወገቡ ሻንሲ ላይ ከሆነ ከአክስሉ፣ አክስል ላይ ከሆነ ከሻንሲው ጋር ይያያዛሉ። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ጉብታ ላይ ሲወጡ ዘንጉ ጎሚኒው ውስጥ ዝም ብሎ ይዞራል። አንዱ ብቻ ሲወጣ ነው የሚጠመዘዘውና የሚታገለው። የዘንጉ ውፍረት ብዙ ለውጥ ያመጣል፤ ውፍረቱ በ10 በመቶ ሲጨምር ጥንካሬው በ46 በመቶ ገደማ ያድጋል። ስለዚህ ወፍራም ስታብላይዘር ያለው መኪና ከማላቀቂያ የሚያገኘው ጥቅምም ይጨምራል።

1. መኪናችሁ የትኛው ወገን እንደሆነ እወቁ

የፊት እግሩ ድፍን አክስል ከሆነ፣ ማለትም ግራና ቀኝ ጎማው በአንድ ወፍራም ብረት ላይ ከተቀመጠ፣ ማላቀቂያ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ባለ ሞላው የ70 ተከታታይ ላንድክሩዘር፣ ላንድክሩዘር 80፣ ፓትሮል ዋይ 60 እና ዋይ 61፣ ጂፕ ራንግለር እዚህ ውስጥ ይገባሉ። እንደ አዲሶቹ ሃይሉክስና ፕራዶ የፊት ጎማዎቹ ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ ከሆነ ግን እንቅስቃሴውን ቀድሞ የሚገድበው ጎማውን የያዘው ክንድና የአክስሉ ርዝመት ነው። ለእነዚህ ከፊት ማላቀቂያ ገንዘብ ከማውጣት ጥሩ ጎማ ወይም የኋላ ዲፈረንሻል ሎክ (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች እኩል የሚያዞር መቆለፊያ) ይሻላል።

ከፋብሪካው ይዘውት የሚመጡም አሉ። ራንግለር ሩቢኮን ከ2007 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ የፊቱን ዳሽቦርድ ላይ ባለ ቁልፍ ያላቅቃል። አንዳንድ ፓትሮል ዋይ 61 የኋላውን የሚያላቅቅ ቁልፍ ዳሽቦርድ ላይ አላቸው፤ ባለቤቱ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ለዓመታት የሚነዳበት ጊዜ አለ። አዲሱ ላንድክሩዘር 250ም በአንዳንድ ሞዴሎቹ ላይ የፊቱን በቁልፍ ያላቅቃል።

ላንድክሩዘር 200 ወይም ፕራዶ 150 ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ኬዲኤስኤስ የሚባለው ሥርዓት እንዳለበት አጣሩ። በዚህኛው ስታብላይዘሩ ከዘይት ሲሊንደር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ድንጋይ ላይ ራሱ ይለቃል፣ አስፋልት ላይ ራሱ ይይዛል። ሌላ ማላቀቂያ አትጨምሩበት። እግር ሠሪው ሊንኩን ከመንካቱ በፊትም የሥርዓቱን የግፊት ቫልቮች መክፈት እንዳለበት ማወቁን ጠይቁት። የማያውቅ ከሆነ ሌላ ፈልጉ፤ ያለበለዚያ መኪናው ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ ይቀራል።

2. ከመግዛታችሁ በፊት በነጻ ሞክሩ

ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው። ሜዳ ላይ መኪናውን አቁሙ። አንዱን የፊት ጎማ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጠንካራ ድንጋይ ወይም ግንብ ጠርዝ ላይ በቀስታ አውጡት፤ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ በሌሎቹ ጎማዎች ሥር ድንጋይ አድርጉ። ከዚያ በሁለቱም በኩል ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለኩና ጻፉ። መኪናውን አውርዱት፣ ደልዳላ ቦታ ላይ ሁለቱንም ሊንኮች ፍቱ፣ ጫፎቹን ወደ ላይ እሰሩ፣ እዚያው ድንጋይ ላይ መልሱና እንደገና ለኩ።

የታችኛው ጎማ ከቀድሞው 5 ሳንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ማላቀቂያ ይጠቅማችኋል። ከ2 እና ከ3 ሳንቲ ሜትር ካልበለጠ የያዘው ሌላ ነገር ነው። አብዛኛውን ጊዜ አሞርዛተሩ ተዘርግቶ ያለቀ ሆኖ ይገኛል፤ ያን ጊዜ ረዘም ያለ አሞርዛተር ነው የሚያስፈልጋችሁ። በዚሁ አጋጣሚ የፍሬን ቱቦውን፣ የኤቢኤስ ሽቦውንና የዲፈረንሻሉን መተንፈሻ ቱቦ ተመልከቱ። ስታብላይዘሩ ሲለቅ አክስሉ ከዚህ በፊት ወርዶ የማያውቀው ቦታ ስለሚወርድ ተወጥሮ የሚበጠሰው መጀመሪያ የፍሬን ቱቦ ነው።

3. ዓይነቱን ምረጡ

በዓመት ሁለቴ ሦስቴ ብቻ ድንጋይ የሚወጣ ሰው ምንም መግዛት የለበትም። ሊንኩን በመፍቻ መፍታት ይበቃዋል፤ ዳዶዎቹ ካልዛጉ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል። ጉዳቱ ግልጽ ነው፦ ያን ያህል ጊዜ መልሶ ለመግጠምም ይፈልጋል።

በእጅ የሚነቀል ፒን ያለው ሊንክ ለአብዛኛው ሰው የሚስማማው ነው። የሊንኩ አንድ ጫፍ በብሎንና በዳዶ ፈንታ ወፍራም ፒን ላይ ይሰካና በኮፒሊያ (ፒኑ እንዳይወጣ በሚይዝ ቀጭን ሽቦ) ይቆለፋል። እንደ ጄኬኤስና ቴራፍሌክስ ያሉ አምራቾች ይህን በብዛት ለጂፕ ይሠራሉ። ሲገዙ ሦስት ነገር ይታይ። አንደኛ፣ ርዝመቱ የሚስተካከል ይሁን። ሁለተኛ፣ ሲላቀቅ ሊንኩን ከፍ አድርጎ የሚይዝ ማስቀመጫ አብሮት ይምጣ፤ ያለ ማስቀመጫ የተንጠለጠለ ሊንክ ጎማ ይበሳል፣ የፍሬን ቱቦ ይቆርጣል። ሦስተኛ፣ መጋጠሚያው ጎሚኒ ይሁን ወይስ ባዶ የብረት ኳስ? ባዶ የብረት ኳስ ለውድድር መኪና ጥሩ ነው። ከመልካ ጀብዱ እስከ ሁርሶ ባለው ደቃቅ አቧራ ውስጥ ግን ቶሎ ተበልቶ መንኳኳት ይጀምራል። ለዚህ አገር ጎሚኒ ወይም ፖሊዩሬቴን ይሻላል፤ ከተሰነጠቀም በርካሽ ይቀየራል።

ከመሪ ሳይወርዱ በቁልፍ የሚላቀቀው ዓይነት ደግሞ አለ። አፔክስ የሚባለው አምራች ለራንግለር የሚሸጠው አውቶሊንክስ ለዚህ ምሳሌ ነው። መልሶ በመግጠም ረገድ የሚስተካከለው የለም፤ ሩቢኮን ላይ ያለው የፋብሪካ ሥርዓት ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ሳይጠየቅ መልሶ ይቆልፋል። ችግሩ ሽቦ፣ ሞተርና ማሸጊያ መብዛቱ ነው። ውኃና ጭቃ ወደ ሞተሩ ቤት ከገባ ወይ ተላቆ ይቀራል ወይ ተቆልፎ ይቀራል፤ መለዋወጫው ደግሞ ሶማሌ ተራ ተሄዶም ላይገኝ ይችላል። ይህን የምትመርጡ ከሆነ ኤሌክትሪኩ ሲሞት በእጅ ተገፍቶ የሚገጠም መሆኑን ሻጩን ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

አራተኛው መንገድ ጭራሽ አለማላቀቅ ነው። ሮክጆክ የሚሠራው አንቲሮክ ዋናውን ስታብላይዘር አስወጥቶ በምትኩ ቀጠን ያለ፣ ክንዶቹ ላይ ብዙ ቀዳዳ ያለው ዘንግ ያስገባል። ሊንኩን ወደ ዘንጉ ባቀረባችሁት ቁጥር ይጠነክራል፣ ባራቃችሁት ቁጥር ይላላል። ሁልጊዜ እንደተገጠመ ስለሚቆይ የሚረሳ ነገር የለም። አስፋልት ላይ ግን ከዋናው ትንሽ ይላላል። ፖርቶ መጋላው ላይ ጀሪካንና ድንኳን ጭኖ ደንገጎን ለሚመላለስ ሰው አንመክርም።

ስታብላይዘሩን አውልቆ ጋራዥ ጥግ መጣልን እንደ አምስተኛ ምርጫ የሚቆጥሩ አሉ። እኛ አንቆጥረውም።

ቶርኖ ቤት ስለማሠራት

ድሬዳዋ ጥሩ ቶርነሪ አይጠፋም፤ ፒን ያለው ሊንክ ማሠራት ይቻላል። ሁለት ነገር ብቻ አጥብቃችሁ ከልክሉ። ስታብላይዘሩ ራሱ ላይ ብየዳ አይነካ፤ በሙቀት የጠነከረ የሞላ ብረት ስለሆነ የተበየደበት ቦታ ይሰባበራል፣ የሚሰበረውም ኩርባ ላይ ነው። ፒኑም ከፌሮ ተቆርጦ አይሠራ፤ ራሱ ላይ 8.8 የሚል ምልክት ያለበት ብሎን ተገዝቶ ክር የሌለው ክፍሉ ፒን ይሁን። ፒኑና ቦኮላው (ፒኑ የሚገባበት ቱቦ) መካከል በእጅ ሲወዘወዝ የሚሰማ ክፍተት ካለ መልሱት። ዛሬ በእጅ የሚሰማው ክፍተት ከወር በኋላ ጋቢና ውስጥ ይሰማል።

4. የሊንኩን ርዝመት ለኩ

መኪናው እንደወትሮው ተጭኖ፣ ነዳጁ ግማሽና ከዚያ በላይ ሆኖ፣ ሜዳ ላይ ይቁም። የስታብላይዘሩን ክንድ (የታጠፈውን ጫፍ) ከመሬት ጋር ትይዩ አድርጋችሁ በሽቦ ያዙትና በሁለቱ የሊንክ ማሰሪያ ቀዳዳዎች መካከል ያለውን ርቀት ለኩ። የሊንኩ ርዝመት ያ ነው። መኪናው 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ከተደረገ ሊንኩም ያን ያህል መርዘም አለበት። ያጠረ ሊንክ ከተገጠመ አክስሉ ወደ ታች ሲወርድ ክንዱና ሊንኩ ቀጥ ባለ መስመር ላይ ይወድቁና ክንዱ ወደ ሌላኛው ወገን ይገለበጣል። ያን ጊዜ ስታብላይዘሩ ተቆልፎ ይቀራል፤ አንዳንዴም ማሰሪያውን ይገነጥለዋል።

ግራና ቀኙ እኩል ርዝመት ይኑራቸው። አንዱ ከሌላው ከተለየ ስታብላይዘሩ ሜዳ ላይ ቆሞም ተጠምዝዞ ይውላል፣ መኪናውም በትንሹ ያዘነብላል።

5. አገጣጠም

ደልዳላ ቦታ ምረጡ፤ አራቱም ጎማ መሬት ይንካ። አንዱን ጎማ ብቻ በክሪክ አንስታችሁ ሊንክ አትፍቱ። ዘንጉ ተጠምዝዞ ስለሚቆይ የመጨረሻው ክር ሲለቅ በኃይል ይዘላል፣ ጣት ይሰብራል። አሮጌዎቹ ዳዶዎች ላይ ከዋዜማው ጀምሮ የዝገት ማስለቀቂያ ዘይት ይረጭ።

አሮጌዎቹ ወጥተው አዲሶቹ ሲገቡ ፒኑ ከውስጥ ወደ ውጭ እንዲሰካ አድርጉ። ያን ጊዜ ኮፒሊያው በውጭ በኩል ይሆንና መኪና ሥር ሳይገቡ ይታያል፣ በእጅም ይደረስበታል። ጎሚኒ ያለባቸውን ብሎኖች በመጀመሪያ አላልታችሁ ተዉአቸው። በመጨረሻ የሚጠብቁት የመኪናው ክብደት ጎማው ላይ ካረፈ በኋላ፣ መመሪያ መጽሐፉ ላይ ባለው ልክ ነው። እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ የጠበቀ ጎሚኒ መኪናው ሲወርድ ስለሚጠመዘዝ በጥቂት ወራት ይቀደዳል።

ቀጥሎ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዙሩ፤ ሊንኩ ከጎማም ከቱቦም ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ተላቆ በማስቀመጫው ላይ እንዳለም ይህንኑ ድገሙ። የስታብላይዘሩ ወገብ አክስል ላይ የታሰረባቸው መኪኖች ላይ ክንዱ ከአክስሉ ጋር አብሮ ስለሚወጣና ስለሚወርድ ወደ ሻንሲ ማሰር አይሆንም፤ እዚያው አክስሉ ላይ መያዣ ይሠራለት።

መቼ ይፈታ፣ መቼ ይገጠም

የሚፈታው ፎርዊል ሎው (ዝቅተኛው የአራት ጎማ ማርሽ) ውስጥ ገብታችሁ ቋጥኝና ጥልቅ ቦይ ስትሻገሩ ነው። ለደቻቱ ዓይነት ደረቅ የአሸዋ ወንዝ መፍታት ጥቅም የለውም፤ እዚያ የሚያስፈልገው የጎማ ንፋስ መቀነስ ነው። ጎን ለጎን በሚያዘነብል ተዳፋት ላይ ደግሞ አይፈታ፤ አካሉ ወደ ቁልቁለቱ ይበልጥ ይተኛና የመገልበጥ አደጋው ይጨምራል። የፊቱም የኋላውም ስታብላይዘር ያለው መኪና የፊቱን ብቻ ቢፈታ ይበቃዋል፤ የኋላው እንደታሰረ ይቆይ። ከተፈታ በኋላ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር አትለፉ።

ፒኑ መልሶ አልገባ ካለ መኪናው የቆመው ሜዳ ላይ አይደለም ማለት ነው። በመዶሻ አትምቱት። ጥቂት ሜትር ወደፊት ወይም ወደኋላ ውሰዱት፣ ወይም አንድ ሰው መከላከያው ጥግ ላይ በእጁ እየጫነ ቀስ ብሎ ያወዛውዝላችሁ፤ ቀዳዳው ሲገጥም ፒኑ በጣት ይገባል። ፒኑ ላይ ግራሶ አትለቅልቁ፣ አሸዋ ይሰበስባል። በጨርቅ ጠርጎ ደረቅ ቅባት መንፋት ይሻላል።

ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በኋላ ዳዶዎቹን ሁሉ በመፍቻ ፈትሹ። መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ አንድ ትርፍ ፒን፣ አራት ኮፒሊያና ሁለት የማሰሪያ ቀበቶ ይቀመጥ፤ ኮፒሊያ ድንጋይ መሐል ከእጅ ካመለጠ አይገኝም።