የጀርመንኛ የቤት ሥራ ሲከብድ ማንን እንጠይቅ?

ከምኖርበት ጀርመን ለእረፍት ሐዋሳ መጥቻለሁ። ጠዋት ፍቅር ሐይቅ ዳር ትንሽ ወክ አድርጌ ስመለስ የእህቴ በረንዳ ላይ ቡና ይጠብቀኛል። ዘንድሮ ግን ከቡናው ጋር ደብተርም ይጠብቀኛል። የእህቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር ጀርመን ባሏ ጋ ትሄዳለች። ለቪዛው የሚጠየቀውን የኤ1፣ ማለትም የመጀመሪያ ደረጃ የጀርመንኛ ፈተና አዲስ አበባ ጎተ ኢንስቲትዩት ሄዳ ተፈትና አልፋለች። ጭንቀቷ ግን አላለፈም።

«አክስቴ፣ እዚህ ሲከብደኝ አስተማሪዬን በቴሌግራም እጠይቀዋለሁ። እዚያ የቤት ሥራው ሲያቅተኝ ማን ያስረዳኛል?» አለችኝ።

ከ11 ዓመት በፊት እኔም ይሄንኑ ጥያቄ ይዤ ነበር የሄድኩት፣ የሚመልስልኝ ግን አልነበረም። ስለዚህ ለእሷ የነገርኳትን እዚህም ልጻፈው።

መጀመሪያ የሚጠብቃችሁን እወቁት። ብዙ አዲስ ገቢ የሚማረው የኢንተግሬሽን ኮርስ፣ ማለትም ከአገሩ ጋር የመላመጃው ትምህርት፣ 700 ክፍለ ጊዜ አለው፤ አንዱ ክፍለ ጊዜ 45 ደቂቃ ነው። 600ው ለቋንቋ፣ 100ው ስለ አገሩ ሕግ፣ ታሪክና ባህል ነው። የቋንቋው ግብ ቢ1፣ ማለትም መካከለኛ ደረጃ ነው። ይሄ ሁሉ እንግዲህ ክፍል ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ቤት ይዛችሁ የምትገቡት ወረቀት ሌላ ነው።

ያ ወረቀት ሲያስቸግር መጀመሪያ የምትጠይቁት ሰው ቅርባችሁ አለ፤ አምስተኛ ክፍል የነበራችሁት እናንተ። «ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ማሰሪያ አንቀጽ» እየተባልን የተማርነው ትዝ ይላችኋል? እኔ በጊዜው የምን ጣጣ ነው ብዬ ነበር። ጀርመን ሄጄ ነው የገባኝ።

«ውሻው ልጁን ነከሰው» እንላለን። የተነከሰው ማን እንደሆነ የምትነግረን «ን» ናት። ቃላቱን ገልብጠን «ልጁን ውሻው ነከሰው» ብንልም የተነከሰው ያው ልጁ ነው። ጀርመኖችም ይህችኑ ሥራ ይሠራሉ፤ ምልክቷን የሚያስቀምጡት ግን ከስሙ ፊት በምትመጣው ትንሽ ቃል፣ አርቲክል በሚሏት ላይ ነው። ውሻው «ዴር ሁንት» ነው፤ ውሻውን ለማለት «ዴን ሁንት» ይሆናል። እንደ አጋጣሚ የእነሱም መጨረሻዋ «ን» ሆናለች። አስተማሪው «አኩዛቲቭ» ሲል ክፍሉ በሙሉ ይጨነቃል። እናንተ «ተሳቢ ማለቱ ነው» ብላችሁ ዘና በሉ።

ሁለት ቦታ ላይ ግን አማርኛችን ይሸውዳችኋል። አንደኛ፣ እኛ «ውሻ ገዛሁ» ስንል «ን»ን እንተዋታለን። እነሱ አይተዉም፤ «አይነን ሁንት» ማለት አለባችሁ። ደግሞ የሚለወጠው የወንዴው «ዴር» ብቻ ነው፤ የሴቴዋ «ዲ» እና ወንድም ሴትም ላልሆነው የሚባለው «ዳስ» እንዳሉ ይቀመጣሉ። ሁለተኛ፣ «ለእናቴ ሰጠሁ» ሲባል እናቴ ዳቲቭ (ተቀባዩን የሚያመለክተው መልክ) ስለሆነች፣ «ለ» ባየሁበት ሁሉ ዳቲቭ ነው እንዳትሉ። «ፊዩር» የምትባለው ቃል ትርጉሟ «ለ» ሆኖ ሳለ የምትፈልገው አኩዛቲቭ ነው። እኔ በዚህች ብቻ ስንት ቀይ እስክሪብቶ አስጨርሻለሁ!

የግሱ ቦታ ደግሞ ሌላው ነው። ጀርመንኛ በተራ ዓረፍተ ነገር ግሱን ሁለተኛ ቦታ ላይ ያስቀምጣል። «ቫይል»፣ ማለትም «ምክንያቱም» የምትለዋ ስትመጣ ግን ግሱ ተነስቶ መጨረሻ ይሄዳል። «ኢሽ ኮመ ኒሽት፣ ቫይል ኢሽ ክራንክ ቢን።» ታምሜያለሁና አልመጣም እንደ ማለት ነው። «ነኝ» የሚለው «ቢን» መጨረሻ ላይ ተቀመጠ። ክፍሌ ውስጥ የነበሩት እስፔናውያን በዚህ ነገር አበዱ። እኔ ግን ቤቴ የገባሁ ነው የመሰለኝ። አማርኛም ሲዳምኛም ግሱን መጨረሻ ነው የሚያስቀምጡት። ሐዋሳ ሰፈር ውስጥ ሁለቱንም እየሰማ ያደገ ልጅ ግሱ እስኪመጣ መጠበቅን ማንም አያስተምረውም።

ጾታው ላይ ግን አልዋሻችሁም፣ ይሸመደዳል። እኛ ትንሽ ወይም የወደድነውን ነገር ሁሉ ሴት እናደርጋለን፤ መኪናዋ፣ ቤቷ፣ ቡናዋ። እዚያ እንዲህ ያለ ፍቅር የለም። ፀሐይ እንደኛ ሴት ናት፣ ጨረቃ ግን ወንድ ነው። ልጃገረድ፣ «ሜድሽን»፣ ወንድም ሴትም አይደለችም፣ «ዳስ» ናት። የእህቴ ልጅ ይሄን ስትሰማ «እንዴ፣ እኔስ ምን ልሆን ነው?» ብላ ቡናዋን ልትደፋ ነበር። ምክንያቱ መጨረሻዋ ነው፤ በ«ሽን» የሚያልቅ የማሳነሻ ቃል ሁሉ «ዳስ» ነው። በ«ኡንግ» የሚያልቅ ስም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «ዲ» ነው። እንዲህ መጨረሻቸውን እያያችሁ ያዙ። የቀረውን ከነአርቲክሉ ደብተር ላይ ጻፉት። «ሁንት» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ፣ «ዴር ሁንት» በሉ።

የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ጀርመንኛ ስምን ሁሉ በካፒታል ይጀምራል፤ ለጥሪ ስም ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ወንበሩም ድንቹም በካፒታል ነው። የቤት ሥራችሁን ከማስረከባችሁ በፊት ለዚህ ብቻ አንድ ጊዜ አንብቡት።

ሰዓቱም አለ። «ሃልብ ኖይን» ቃል በቃል «ዘጠኝ ግማሽ» ነው፣ ትርጉሙ ግን ስምንት ተኩል ነው። በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል። እኔ ዘጠኝ ተኩል መስሎኝ ሐኪም ቤት አንድ ሰዓት አርፍጄ ደረስኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ያየችኝ አስተያየት እስካሁን ይታየኛል።

አሁን ወደ ሰው እንምጣ። መጀመሪያ የኮርሱ አስተማሪ ነው። እኛ አስተማሪ መጠየቅ ማስቸገር ይመስለናል፤ እዚያ ግን ዝም ያለ ተማሪ የገባው ተደርጎ ነው የሚቆጠረው። በእረፍት ሰዓት ሂዱና አንዷን ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። «ምንም አልገባኝም» ከማለት «እዚህ ጋ ለምን ዴን ሆነ?» ማለት ይሻላል።

ከዚያ ቤተ መጻሕፍት። የከተማው ቤተ መጻሕፍት ገብቶ መቀመጥ በነፃ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ለጀርመንኛ ተማሪዎች የተለየ መደርደሪያ አለው፣ በብዙ ከተማም ሽፕራኽካፌ የሚባል የወሬ ሰዓት ያዘጋጃሉ። የሚመጡት በጎ ፈቃደኞች ብዙዎቹ ጡረተኞች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ትዕግሥታቸው የሚገርም ነው። ከቀጠሮ ከቀራችሁ ግን ቀድማችሁ ደውሉ፣ በዚህ በኩል ቀልድ የላቸውም። ካሪታስ፣ ዲያኮኒ፣ አቮ የሚባሉት ድርጅቶች ለአዲስ ገቢዎች ነፃ ምክር ይሰጣሉ። ዕድሜያችሁ ከ27 በታች ከሆነ ዩገንድሚግራትሲዮንስዲንስት የሚባል ለወጣቶች ብቻ የተቋቋመ አገልግሎት አለ። ስሙን ጠርታችሁ ከጨረሳችሁ ግማሹን ጀርመንኛ ችላችኋል።

በስልክ ለሚማር፣ ዶይቸ ቬለን እኛ የምናውቀው በአማርኛ ዜናው ነው። ጀርመንኛም በነፃ ያስተምራል፤ «ኒኮስ ቬግ» የሚባለው የቪዲዮ ትምህርቱ ከኤ1 እስከ ቢ1 ይወስዳችኋል። «ፋውሃኤስ ሌርንፖርታል» የሚባለው የኢንተርኔት መማሪያ ደግሞ በነፃ ከመሆኑም በላይ የጻፋችሁትን የሚያርም ሰው አለው። እኔ ከሁሉም የምመርጠው ይሄንን ነው።

ቻትጂፒቲን እንዴት እንደምትጠቀሙ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ተሸማቅቄበታለሁ። ለሥራ የሚያስፈልገኝን ከፍ ያለ ኮርስ እየተማርኩ አንድ ደብዳቤ እንድንጽፍ ተሰጠን። ደክሞኝ ስለነበር ሙሉውን አስጻፍኩት። በማግስቱ አስተማሪዋ አንዷን ቃል ከበበችና «ይቺ ምን ማለት ናት?» አለችኝ። ዝም። አልተቆጣችም፣ ወረቀቱን ብቻ መለሰችልኝ። ከዚያ ወዲህ ራሴ እጽፋለሁ፣ ከዚያ «አታርምልኝ፣ ስህተቱ የት መስመር ላይ እንዳለ ብቻ በአማርኛ ንገረኝ» እለዋለሁ። በአማርኛ ሲያስረዳ አንዳንዴ ይሳሳታል፤ ስለዚህ የሰዋስው መጽሐፋችሁ አጠገባችሁ ይሁን።

የሐበሻ ጓደኛስ? ደስ ይላል፣ ግን ቡና ላይ በጀርመንኛ የተጀመረ ጥናት በአማርኛ ነው የሚያልቀው። ደግሞ ቀድሞ የመጣ ሁሉ አዋቂ አይደለም። 15 ዓመት ኖሮ «ዴር» እና «ዴን» የሚያምታታ ሰው አውቃለሁ፣ በሙሉ ልብ ነው የሚያስረዳው።

ልጅ ይዛችሁ ለምትሄዱ፣ የልጁን የቤት ሥራ ራሳችሁ ካልሠራን ብላችሁ አትጨነቁ። ክፍል አስተማሪውን ከትምህርት በኋላ የቤት ሥራ የሚያሠራ ፕሮግራም እንዳለ ጠይቁ። መንግሥት የሚደጉማችሁ ቤተሰብ ከሆናችሁና ትምህርት ቤቱ ልጁ እገዛ እንደሚያስፈልገው ካረጋገጠ፣ ቢልዱንግስፓኬት የሚባለው ድጋፍ የአስጠኚ ክፍያ ይሸፍናል። ማመልከት ግን አለባችሁ፤ ራሱ ቤታችሁ አይመጣም። እናንተ ልጁ ጋ ተቀምጣችሁ አማርኛውን እንዳይረሳ አድርጉ። ተሳቢ ምን እንደሆነ በአማርኛ ያወቀ ልጅ አኩዛቲቭ አይከብደውም።

የእህቴን ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ደውዪ ብያታለሁ። እኔ በእረፍት ሐዋሳ ስሆን የሰዓት ልዩነቱ በበጋቸው አንድ፣ በክረምታቸው ሁለት ሰዓት ነው፤ ሌላውን ጊዜ ሁለታችንም ጀርመን ነን። አንድ ሕግ ብቻ አለኝ፤ ባዶ ወረቀት ፎቶ አንስታ አትልክልኝም። የሞከረችውን፣ የተሳሳተውን ነው የምትልከው። ትናንት ማታ፣ ገና ሳትሄድ፣ የመጀመሪያውን ላከችልኝ። «ቡናውን እጠጣለሁ» ለማለት «ኢሽ ትሪንከ ዴር ካፌ» ብላ ጽፋለች። ያለነው አንድ ቤት ውስጥ፣ እሷ ሳሎን እኔ በረንዳ ነን። «ን»ዋስ? ብዬ ብቻ መለስኩላት።